ቀጥ አድርገሽ ያዢው

ሳልሚያ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ባሕሩ በጠባቡ የሚታይ፣
አንቺ ገና አሥራ ስድስት፣ እኔ ሁለተኛው ውሌ ላይ፤
ስልክሽን ሰጥተሽኝ «ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ አንጃ» አልሽኝ።
(ስሜ አንጓች ነው፣ ሹሩቅ፤ ግን ያንቺ አጠራር ለመደብኝ።)
እጄ ሳሙና አለበት፣ ስልኩ ሊያመልጠኝ ይሻል፤
«እንዳትስቂ!» ትያለሽ፤ የተከለከለ ሳቅ ይብሳል።

የመጀመሪያው ቪዲዮ የአክስትሽ አነጋገር ነበር፣
ዓሣ ገበያ ገብታ ከሻጩ ጋር ስትከራከር፤
ያባትሽን መነጽር ሰክተሽ፣ የናትሽን ሻርፕ ጠምጥመሽ፣
ሻጩንም አንቺው፣ አክስትየዋንም አንቺው፣ ዓሣውንም አንቺው ሆነሽ።
ሰባት ጊዜ ደገምነው። በስምንተኛው ሩዙ አረረ፤
መጀመሪያ የድስቱ ቂጥ፣ ቀጥሎ የማዳም ፊት ጠቆረ።
ስድቡን እኔ ዋጥኩት። አንቺ ግን በዚያችው ማታ
በሦስት ሺህ ሰው መዳፍ አደርሽ፣ ሳትነሺ ከተኛሽበት ቦታ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል፤
ካርቶን በካርቶን ላይ ደጃፍ ይደረደራል።
በነጻ የመጣ ሽቶ፣ በነጻ የመጣ ጫማ፤
ሳጥኑን ልጥል ስወጣ
«ይህ ክሬም ሕይወቴን ቀየረው» ስትይ ስሰማ፣
እስቃለሁ ብቻዬን።
ሠላሳ ሺህ፣ ሦስት መቶ ሺህ፤ ቁጥሩን ይዘሽ ኩሽና
ትሮጫለሽ፤ እልል እላለሁ፣ እልልታ መች ይከፈልበታልና!

በኋላ መብራት ገዛሽ፤ ክብ መብራት፣ ባለሦስት እግር ማቆሚያ።
«እጅሽ ይረፍ» አልሽኝ።
እኔ አልደከመኝም ነበር። ሄድኩ ወደ ልብስ ማጠቢያ።
ማቆሚያው እጁ አይርድም፤
ግን ቀልድ ሲከሽፍብሽ «ተይው ይሄንስ» አይልም።

የረመዳን ድራማ ነው ብለው ከስቱዲዮ ሲደውሉ
ማዳም ዘመድ ሁሉ ጠራች። አባትሽ ዝም አሉ።
ሦስት ቀን ዝም። በአራተኛው፣ ሻይ ይዤላቸው ስገባ፣
«ትሞክረው እስቲ» አሉ ለእኔ፣ እኔን ያማከሩ ይመስል።
ስኳሩን አስቀምጬ ወጣሁ፣ ሆዴ ባባ።

ጽሑፉን ጓዳ አመጣሽው። «ማንን ነው የምትሆኚው?» ብልሽ
ጥፍርሽን ነክሰሽ፣
«ሠራተኛ» አልሽ ቀስ ብለሽ።

ሦስተኛው ማታ፣ ከኢፍጣር በኋላ፣ ሳህኑ ታጥቦ ሳያልቅ፣
ሳሎኑ ሞልቶ፣ እኔ በር ላይ፣ ፎጣ በትከሻዬ፣ ስጠብቅ፣
ብቅ አልሽ።
ፊትሽን በዱቄት አጠይመውታል፤ አንገትሽ ላይ ሲደርስ ያልቃል፤
አጎትሽ ገና ሳትናገሪ ይስቃል።
ሻሽሽን ፈተሽ ትቋጥሪያለሽ፤ የደረቀ እጅ ትጠርጊያለሽ፤
ሴትየዋ ስትጠራሽ፣ ከ«ሃዲር» በፊት፣ አንዲት ትንፋሽ ትውጫለሽ።
ያቺን ትንፋሽ!
ስድስት ዓመት ስውጣት ማንም ያየኝ አልመሰለኝም፤
እኔ ስልክ ስይዝልሽ፣ አንቺ ምን እንደምትይዢ አላወቅሁም።

ከዚያ ኩሽናው መጣ። ቧንቧ ከፍተሽ አለቀስሽ፣
ውኃው እንዲሸፍንልሽ።
ሳሎኑ ጸጥ አለ። ማዳም እንባዋን ጠረገች፣
«ከየት አመጣችው?» አለች።
ፎጣዬን አጠፍኩ፤ ዘረጋሁ፤ ደግሜ አጠፍኩ።

በሳምንቱ ጋዜጠኛም ያንኑ ጠየቀሽ፤ «ከልቤ ነው» ስትይ ሰማሁሽ።
ውሸት አይደለም።
ከልብሽ በፊት የት እንደነበረ ግን አልጠየቀሽ።

የቀረውን ክፍል ስትቀረጹ አምሽታችሁ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ጫማሽን በእጅሽ አንጠልጥለሽ፣ ዱቄቱ ከጆሮሽ ሥር የሚታይ፣
ጓዳዬን አንኳኳሽ።
«ልክ ነበር?» አልሽኝ፤ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ዓይንሽ ሲንቀዋለል፣ ሲጠብቅ።
ብዙ የሚባል ነበር፤ የሚያስቀይም፣ የሚያስታርቅ።
«ቧንቧው» አልኩሽ፣
«የሙቅ ውኃው ድምፁ ያንሳል፤ ሌላ ጊዜ እንዳትከፍቺው።
ቀዝቃዛውን። እስከ መጨረሻው አዙሪው።»